«ልጄ ስካውቱን ስታይ ከኋላዬ ትደበቃለች»

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለነበር ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

«ሰላም እትዬ። የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ እንስሳ ነፍሷ ነው። አምና አዋሽ ፓርክ ወስደናት ነበር። አርፍደን ወጥተን ስንደርስ 8 ሰዓት ሆነ፣ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ከሩቅ ሁለት ሳላ አየን በቃ። ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) መሳሪያውን ይዞ ከፊት ወንበር ሲቀመጥ ደሞ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ተናድጄ ዝም ካላልሽ ለሰውየው ነው የምሰጥሽ አልኳት፣ ባሰባት። ባለቤቴ ፓርክ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ሁለተኛ ቤንዚን አላቃጥልም ብሏል። አሁን ትምህርት ቤት ስለ ቀይ ቀበሮ ተምራ መጥታ ባሌ ተራሮች ፓርክ ውሰዱኝ እያለች ነው። ለሴሚስተር እረፍት ልወስዳት ፈልጌ ነበር ግን ስካውት ስታይ አሁንም ከኋላዬ እንደምትደበቅ አውቃለሁ። ያለ ስካውት መግባት ይቻላል? ወይስ ትንሽ እስክታድግ ልጠብቅ?»

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛ የተመለስኩበት «ለሰውየው ነው የምሰጥሽ አልኳት» ያልሽው ላይ ቆሜ ስለቀረሁ ነው። አንቺ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፣ እኔ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ይመስለኛል። ልጅቷ ስካውቱን የፈራችው መሳሪያ ስለያዘ ብቻ አይደለም፣ እናቷ ለሱ አሳልፋ ልትሰጣት እንደምትችል በራሷ አፍ ስለነገረቻት ነው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ደሞ የእናቷን ቃል ታምናለች። ልወቅስሽ አይደለም። ሁላችንም «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ»፣ «ዘበኛው መጣልሽ»፣ «መርፌ ትወጊያለሽ» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን በሰፈራችን ዘበኛ አስፈራርቼው ያንን በር ባለፍን ቁጥር እጄን ጭምቅ አድርጎ ይይዘኝ ነበር፣ ሰውየው ግን በሰፈሩ ውስጥ እንደሱ ልጅ የሚወድ አልነበረም። ሁለቱንም እንደበደልኳቸው እስከዛሬ ይሰማኛል።

ስለዚ ከጉዞው በፊት ቤት የምትሰሪው ስራ አለ። ቁጭ ብለሽ «ያን ቀን ለሰውየው እሰጥሻለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ማንም ለማንም አይሰጥሽም፣ ሰውየውም ልጅ የሚወስድ ሰው አይደለም» በያት። እንዲሁ በጨዋታ አታሳልፊው፣ ጥፋቴ ነው ብለሽ ንገሪያት። ከዛ ስካውት ምን እንደሚሰራ አስረጂያት። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ወይ በፈረስ ተራራውን የሚዞር፣ ወጥመድ የተጠመደበትን ፈልጎ የሚነቅል፣ በበጋ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ላይ እሳት ሲነሳ ሮጦ የሚሄድ፣ እንስሳው የት እንደሚያድርና የት እንደሚወልድ የሚያውቅ ሰው ነው። መሳሪያውንም አትደብቂያት፣ «እንስሳውን ሊገድል የሚመጣ ሰው ስላለ ነው የሚይዘው፣ እኛ አንነካውም፣ እሱም ወደኛ አያዞረውም» በያት በቃ። ልጅ እውነቱን በአጭሩ ስትነግሪው ይረጋጋል፣ የሚያስፈራው የምንሸፋፍነው ነገር ነው።

ያለ ስካውት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ቢቻልም እንኳን አልመክርሽም። ስካውቱን ትተሽ ብትገቢ ሳርና ድንጋይ አይተሽ ነው የምትመለሺው። አዋሽም ያጣችሁት እሱን ይመስለኛል፣ ሰውየው አብሯችሁ መኪናው ውስጥ ነበር ግን ማንም አላናገረውም አይደል? በዛ ላይ ሰዓቱ ልክ አልነበረም። በ8 ሰዓት በዛ ሙቀት ሳላም ከርከሮም ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ እናንተም እንደሱ ብትተኙ ይሻላችሁ ነበር። አዋሽ ሲነጋጋ 12 ሰዓት ላይ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ሲሆን ሌላ ቦታ ነው። አዋሽን አትቀየሚው።

እስክታድግ ጠብቂም አልልሽም። ፍላጎቷ አሁን ነው ያለው፣ 12 ዓመት ሲሆናት ምን እንደምትወድ አታውቂም። ባሌ ደሞ እውነት ለመናገር ለሷ ዓይነት ልጅ ከአዋሽ የተሻለ ነው። ለምን ብትይኝ፣ ዲንሾ የምትባለው ከተማ ላይ የፓርኩ ዋና መስሪያ ቤት ያለበት ጫካ ውስጥ ገና ከመኪና ወርዳችሁ ብዙ ሳትሄዱ የደጋ አጋዘን ታያላችሁ። ሰው ስለለመዱ ያን ያህል አይሸሹም፣ የምኒልክ ድኩላም ከርከሮም እዛው ሳር ሲግጡ ታገኛላችሁ። ልጅ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ካየ ቀሪውን ቀን ይታገሳል፣ ካላየ ግን ያው አዋሽ ነው የሚደገመው።

ዲንሾ ስትደርሱ እንዲህ አድርጊ። ቢሮ ገብታችሁ መግቢያውን ከፍላችሁ ስካውት ሲመደብላችሁ ልጅቷን ይዘሽ አትሂጂ፣ ከአባቷ ጋ ወይ መኪናው ጋ ትቆይ፣ አንቺ ቀድመሽ ሰውየውን አናግሪው። «ልጄ መሳሪያና ዩኒፎርም ትፈራለች፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ እባክህ ቀስ ብለህ ተዋወቃት» በይው። አብዛኞቹ እኮ የልጆች አባት ናቸው፣ ሳትጨርሺ ይገባቸዋል። አማርኛ ብዙ የማይመቸው ስካውት ሊያጋጥምሽ ይችላል፣ ለዛ የአካባቢው አስጎብኚ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው፣ ያስተረጉምላችኋል። ለልጅሽ ደሞ መኪና ውስጥ እየሄዳችሁ ሁለት የኦሮምኛ ቃል አስተምሪያት፣ ሰላምታው «አካም ጂርቱ»፣ ምስጋናው «ገላቶማ»። ስምንት ዓመት ልጅ በሰውየው ቋንቋ ሰላም ስትለው የሱን ፊት ማየት አለብሽ። ፈርታ እንኳን ብትንተባተብ እሱ ይስቃል፣ እሱ ሲስቅ ደሞ የሷም ፍርሃት ይቀንሳል። ዘመድ እንደምትጠራው ጋሼ ወይ አባባ ብላ ትጥራው፣ «ስካውቱ፣ ስካውቱ» እያላችሁ አትጥሩት፣ ስሙን ጠይቁት።

የኔ ትንሹ ልጅ ስድስት ዓመቱ እያለ ወስጄው ነበር፣ እሱም በመጀመሪያ ከቀሚሴ ስር አልወጣም ብሎ ነበር። ስካውቱ ምንም አላለውም። ዝም ብሎ ወደፊት ሄዶ ቁጢጥ አለና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ልጁ ትንሽ ቆይቶ ምን እያየ ነው አለኝ፣ ሂድና ጠይቀው አልኩት። ሄደ። ሰውየው በጣቱ ጭቃው ላይ ያለ ሰኮና ዙሪያውን ቀስ አድርጎ አሰመረለት፣ ከዛ ከአጠገቡ ትንንሽ ጥቁር በጠጥ አንስቶ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየው፣ ያብረቀርቃል፣ ገና እርጥብ ነው። «አሁን ነው ያለፈው» አለው በአስጎብኚው በኩል፣ «ደረቅ ቢሆን ትናንት ነበር»። ከዛ በኋላ ልጄን አላገኘሁትም፣ ቀኑን ሙሉ ከሰውየው ጎን ነው የዋለው፣ ያገኘውን በጠጥ ሁሉ በእንጨት እየነካካ «ይሄስ የዛሬ ነው የትናንት?» እያለ። መሳሪያው እዛው ትከሻው ላይ ነበር፣ ልጁ ግን ረስቶታል።

ስለዚ ልጅሽን ሂጂ ሳሚው ምናምን ብለሽ አትገፍትሪያት፣ ሰውየው ስራውን ይስራ፣ እሷ በራሷ ጊዜ ትጠጋዋለች። ምናልባት የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት እጅሽን አትለቅም፣ አይዞሽ ችግር የለውም።

የደጋ አጋዘኑን ስታዩ አንድ ነገር ያዢላት፣ አስር ሳንቲም። ሰው አሁን ሳንቲም ጥሎታል ግን ቤት ውስጥ መሳቢያ ብትፈልጊ አታጪም፣ አስር ሳንቲም ላይ ያለው እንስሳ እሱ ነው። ቀንዱ ጥምዝ ያለው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ቀንድ የላትም። ሳንቲሙን በእጇ ይዛ እውነተኛውን ፊት ለፊት ስታየው ምን እንደሚሰማት አስቢው። ይሄ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም ዓለም የለም፣ ሳይንስ ራሱ መዝግቦ ስም የሰጠው ገና በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ደሞ ከዲንሾ ትንሽ ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር ነው፣ ጠዋት በጊዜ ወይ ወደ ማታ ሲሆን በመንጋ ሆነው ይግጣሉ።

ቀይ ቀበሮውን ለማየት ግን ሳነቲ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ መውጣት አለባችሁ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላስጠንቅቅሽ። ሳነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለምትኖሩ ትንሽ ለምዳችኋል፣ ግን በደረሳችሁበት ቀን አትውጡ። መጀመሪያ ዲንሾ ወይ ሮቤ ወይ ጎባ እደሩ፣ በማግስቱ በመኪና ወጥታችሁ አይታችሁ ውረዱ፣ ከህፃን ጋ እዛ ላይ አትደሩ። ልጅቷ ራሴን አመመኝ ካለች፣ ካስመለሳት፣ ወይ ወሬኛዋ ልጅ ድንገት ዝም ካለች፣ ቀበሮው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ እንኳን ቢሆን መኪናውን አዙሩና ውረዱ። መድሃኒቱ መውረድ ነው። አስም ወይ የልብ ነገር ካለባት ደሞ ከመሄዳችሁ በፊት ሀኪሟን ጠይቂ። እኔ አንዴ ልጄ ራሴን ሲለኝ «ትንሽ ቻለው፣ ደርሰናል» ብዬ ግማሽ ሰዓት አቆይቼው መኪናው ውስጥ አስመልሶት ሁላችንንም አስጨንቆናል፣ ያንን አትድገሚው።

ሳነቲ ላይ ደስ የሚለው ነገር ለሊት መነሳት አያስፈልግም። ቀይ ቀበሮው ቀን ነው የሚያድነው፣ የሚበላቸው አይጦችና ፍልፈሎች ብርዱ ቀለል ሲል ቀን ስለሚወጡ እሱም ቀን ይወጣል። ጠዋት 3 ሰዓት 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል መኪናችሁን ዳር አቁማችሁ ቁጭ በሉ። እዚህ ጋ ነው ስካውቱ የሚያስፈልጋችሁ፣ እናንተ ባዶ ሜዳ የምታዩት ቦታ እሱ «እዛ ጋ፣ ከጅብራው በስተግራ» ይላችኋል (ጅብራ ደጋ ላይ የሚበቅለው ረጅሙ ተክል ነው)፣ አሁንም አታዩትም፣ ከዛ ቀይ ነገር ይንቀሳቀሳል። ባይኖኩላር ካለው ሰው ተበደሪ። ልጅቷ ቀበሮው አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አንገቱን ዘርግቶ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ካየችው ፍልፈል እየጠበቀ ነው፣ ያ ግዙፍ ፍልፈል ደሞ ከባሌ ሌላ የትም የለም፣ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ያለውን ሳር ነጭቶ ተመልሶ ይገባል። ልጆች ከቀበሮው ይልቅ ፍልፈሉን ሲወዱት አይቻለሁ፣ ከፈለገች ሙሉ ሰዓት እሱን ስትጠብቅ ትዋል፣ «ነይ ቀበሮ እንፈልግ» ብለሽ አትጎትቻት።

ስለ ቀበሮው «ለምንድነው ጥቂት የሆነው» ብላ እንድትጠይቅ አድርጊ፣ ጥያቄውን ግን ስካውቱን ትጠይቀው፣ አንቺን አይደለም። አዋቂዎቹ ቀበሮዎች በመላው ኢትዮጵያ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የልጅሽ ትምህርት ቤት ተማሪ ከነሱ ሊበልጥ ይችላል፣ እንደዛ ብለሽ ንገሪያት ይገባታል። ትልቁ ጠላታቸው ሰው በጥይት መግደሉ ሳይሆን ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታና ሌላም፣ ለዛ ነው በአካባቢው ያሉትን ውሾች ለዓመታት ሲከትቡ የኖሩት። ውሻ አላችሁ እንዴ? ካላችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ሹፌራችሁም ሳነቲ ላይ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ መንገዱ ቤታቸውን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፣ መኪና የገጫቸው አሉ።

ስካውቶቹ ብቻ የሚነግሯት ነገር ደሞ አለ። በኦሮምኛ ቀበሮውን ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፣ ልትወልድ የደረሰች ፈረስ ተከትሎ ስለሚሄድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት። ሌላው አበባው ነው። እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጫፉ ቀይ ስሩ ቢጫ የሆነ አበባ አለ፣ የእረኛ ልጆች ማሩን ይልሱታል። ቀበሮዎቹም ይልሱታል! በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ ቀበሮዎቹ ከአበባ ወደ አበባ እየሄዱ ሲልሱ አፍንጫቸው በአበባው ብናኝ ቢጫ ሆኖ ተመዝግቧል፣ እንደ ንብ አበባውን እያራቡት ሊሆን ይችላል ነው የተባለው። ሥጋ በል እንስሳ እንዲህ ሲያደርግ ማን ይገምታል። ልጅሽ ይሄን ከሰማች ትምህርት ቤት ተመልሳ መምህሯን ታስተምራለች።

ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። «የፈረንጅ ነገር» ያለው አልገረመኝም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው፣ ያደግነውም ፓርክ ስንባል ባለ ካሜራ ቱሪስት እያሰብን ነው። ግን አስቢው፣ ልጆቻችን ቀጭኔና ፔንግዊን ከዩቲዩብ በስም በስም ያውቃሉ፣ ከቤታቸው 400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን፣ ሌላ ሀገር ፈፅሞ የሌለውን ቀበሮ ግን አያውቁትም። ባሌ በ1970 እ.ኤ.አ. ፓርክ ሆኖ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የገባው በ2016 ዓ.ም. መስከረም ነው፣ ፈረንጁ ያወቀልን ቦታ ላይ እኛ ለምን እንግዳ እንሆናለን? ይሄን ግን አንቺ አትከራከሪው፣ ክርክር ነገር ያባብሳል። የመኪናውን ጉዳይ ለሱ ስጪው፣ መንገዱን እሱ ያቅደው፣ እሱ ያቀደውን ጉዞ እሱ ራሱ አይነቅፈውም። በአሰላ በኩል ሂዱ፣ በቆጂ ላይ ቆማችሁ ሻይ ጠጡ፣ የነደራርቱ የነቀነኒሳ የነጥሩነሽ ሀገር ነች፣ ለሱም ለልጅቷም የሚወራ ነገር ይገኛል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ፀጥታውን በዛ ሰሞን የሄደ ሰውና የፓርኩን ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ይሄን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት።

ብርዱን አትናቂው። የሴሚስተር እረፍቱ የሚውለው ዝናብ በሌለበት ጊዜ ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውሃ በረዶ የሚያደርግ ብርድ አለው፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ። ፀሐዩም ከፍታው ላይ ሲሆኑ ያቃጥላል፣ ፊቷን ቅቢያት። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ ያዙ፣ በመንገድ ላይ ጭኮ ካገኛችሁ ግዙ፣ ሳነቲ ላይ የሚሸጥ ነገር አትጠብቂ። የፕላስቲኩን ሁሉ መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ። ለእንስሳ ምግብ መወርወር የለም፣ ዳቦም ሙዝም፣ ዝንጀሮም ቢሆን ከርከሮም ቢሆን፣ ልጅቷ «ለምን» ካለች አሁንም ስካውቱን ትጠይቀው።

አንድ ነገር በጣም ለምኜሽ ነው፣ የስካውቱን መሳሪያ አስይዘሽ ፎቶ እንዳታነሺያት። ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ፍርሃቷ የሚለቅ ይመስላችኋል፣ አይለቅም፣ አደጋም ነው፣ ሰውየውንም እምቢ ለማለት ታስቸግሩታላችሁ። ፎቶ ከፈለጋችሁ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ከጎኑ ትቁም፣ የእረኛ ልጆችንም እንደዛው ሳትጠይቁ አታንሱ። ሲለያዩ ቲፑን አንቺና ባለቤትሽ በክብር ስጡት፣ ልጅቷ ደሞ ያየችውን ስላ ትስጠው፣ ወረቀትና እርሳስ ያዢላት።

ጥያቄዎቿን አሁኑኑ ቤት ቁጭ ብላ በራሷ እጅ ፅሑፍ ትፃፍ፣ አንቺ አታርሚላት። «ቀበሮ አይተህ ፈርተህ ታውቃለህ?»፣ «ሌሊት የት ትተኛለህ?»፣ «ልጆች አሉህ?» ዓይነት ነገር ይሆናል። ያን ወረቀት ይዛ ስትቀርበው ወረቀቱ ይደብቃታል፣ እጇ ላይ የምታየው ነገር ስላላት ፊቱን ማየት አይጠበቅባትም፣ መልሱን ስትሰማ ቀና ትላለች። ስትመለሱ ያን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ መልሱንም ፅፋበት ከሆነ።